ከኩላሊት ራስ ላይ የተቀመጡ ሁለት ዕጢዎች

በባሌ አገር ከብት የሚያረባ ሰው ስለ ጨው ጥቅም ትምህርት ቤት ገብቶ መማር አያስፈልገውም። ወራቱ ሲደርስ ላሙንና በሬውን እየነዳ ከቈላ ወደ ደጋ፣ ከደጋም ወደ ቈላ ይዘዋወራል፤ ይህንንም ልማድ ጎዳንቱ ይለዋል። በጕዞውም መካከል ከብቶቹን ሆራ ያጠጣቸዋል። ሆራ ማለት ጨውና ሌላም ማዕድን ያለበት ምንጭ ነው። ሆራው አጠገብ ሲደርሱ ከብቶቹ እረኛውን ጥለው የሚሮጡበት ምክንያት አላቸው። ሣርና ቅጠል የሶዲየም ጨው እምብዛም ስለሌለው፣ ሣር በል የሆነ እንስሳ ሁሉ ጨው ይርበዋል።

ሰውም ቢሆን ያለ ጨው አይኖርም። ነገር ግን አምላክ ለሰውም ለከብቱም አንድ ቈጣቢ ገንዘብ ያዥ ሰጥቷቸዋል፤ ይኸውም ጨው ሲጐድል ኩላሊትን «ያዝ፣ አትልቀቅ» እያለ የሚያዝ፣ አልዶስትሮን የሚባል ሆርሞን ነው። ይህ ሆርሞን የሚሠራው ከሁለቱ ኩላሊቶቻችን ራስ ላይ እንደ ቆብ በተደፉት ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች ውስጥ ነው። ስማቸው አድሬናል ይባላል። የእያንዳንዳቸው ክብደት ከ4 እስከ 5 ግራም ቢሆን ነው። የዛሬው ጽሑፋችን እነዚህ ዕጢዎች ከልክ በላይ ሲሠሩ ስለሚያመጡት ሕመምና ስለ ሕክምናው ነው። (አንባቢ እንዳይሳሳት፣ ከዚህ በታች የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ዕጢው ሁለት ክፍል አለው። ውጭኛው ቅርፊቱ ነው፤ ከዚህም አልዶስትሮንና ኮርቲሶል የተባሉት ሆርሞኖች ይወጣሉ። ውስጠኛው አስኳሉ ነው፤ ከዚያ ደግሞ አድሬናሊን ይመነጫል። በ1855 ቶማስ አዲሰን የተባለው የሎንዶን ሐኪም፣ እነዚህ ዕጢዎች የተበላሹባቸው ሰዎች ቆዳቸው እየጠቈረ፣ ኀይላቸውም እየደከመ እንደሚሞቱ ጻፈ። በዓመቱም ብራውን ሴካር የሚባል ተመራማሪ ዕጢዎቹን ከእንስሳት ላይ ቈርጦ ቢያወጣ እንስሶቹ አልቈዩም፤ ሞቱ። ጕድለቱ ይህን ያህል ከሆነ፣ ትርፉስ ምን ያደርጋል? ይህ ጥያቄ መልስ እስኪያገኝ ድረስ ገና ብዙ ዓመት ፈጅቷል።

ከጨው ጠባቂው እንጀምር። ጄሮም ኮን የተባለው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ወታደሮች የሐሩር አገርን ሙቀት እንዴት እንደሚለምዱት ይመራመር ነበር። ሰው ሙቀቱን እየለመደ ሲሄድ በላቡ የሚወጣው ጨው እያነሰ መሄዱን አስተዋለ፤ ይህንንም ቍጠባ የሚያዝዘው የአድሬናል ዕጢ መሆን አለበት ብሎ አሰበ። ከዚያ በኋላ በ1954 አንዲት የ34 ዓመት ሴት ወደ እርሱ መጣች። ጡንቻዎቿ ይዝላሉ፤ አንዳንድ ጊዜም እግሮቿ አልታዘዝ ይሏታል፤ እጆቿ ይኰማተራሉ። የደም ግፊቷ ከፍ ያለ ሲሆን፣ በደሟ ውስጥ ያለው ፖታሲየም የተባለው ማዕድን ግን እጅግ አንሷል። ኮን ላቧን ቢመረምር ጨው በጣም ያነሰበት ሆኖ አገኘው። በጦርነቱ ጊዜ ያየው ነገር ወዲያው ትዝ አለው። ሴትዮዋ በሐሩር አገር ሳትኖር ሰውነቷ በሐሩር አገር እንዳለ ሰው ጨው ያፍናል ማለት ነው። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ወር ላይ ቀዶ ሐኪሙ ሁለቱንም ዕጢዎች ሊያወጣ ተሰናድቶ ሲከፍት፣ በቀኝ በኩል ባለው ዕጢ ላይ አንድ ዕባጭ ተቀምጦ አገኘ። ያንኑ ብቻ አወጣ። ሴትዮዋ ዳነች፤ ሕመሙም እስከ ዛሬ በኮን ስም ይጠራል።

ይህ ነገር በአሜሪካ አገር ለደረሰች አንዲት ሴት ብቻ የሚነገር ታሪክ ቢሆን ኖሮ በዚህ ገጽ ላይ ቦታ ባልሰጠነው ነበር። ለረዥም ጊዜ ሐኪሞች ይህ ሕመም ከመቶ የደም ግፊት በሽተኛ አንዱን እንኳ አያገኘውም ይሉ ነበር። በደንብ መፈለግ ከጀመሩ ወዲህ ግን ከመቶው ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት ይኸው ሕመም ያለባቸው መሆኑ ታውቋል። በአገራችን በ2015 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ዓመት ከሆናቸው ሰዎች መካከል ከመቶው 16 ያህሉ ከፍ ያለ የደም ግፊት እንዳላቸው ተገልጿል። እንግዲህ አንባቢያችን ሒሳብ ዐዋቂ ከሆነ፣ እነዚህን ሁለት ቍጥሮች አንዱን ከሌላው ጋር አገናዝቦ ነገሩ ትንሽ አለመሆኑን ለራሱ ሊያውቅ ይችላል።

አንድ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ በሮቤ ወይም በጎባ ጤና ጣቢያ ገብቶ ክንዱን ሲለካ ግፊቱ ከፍ ብሎ ይገኛል። መድኃኒት ይታዘዝለታል። አንደኛው አልበቃ ሲል ሁለተኛ ይጨመርለታል፤ ከዚያም ሦስተኛ። ግፊቱ ግን እንዳለ ነው። ሰዎቹም «መድኃኒቱን አይውጥም ይሆናል» ብለው ያሙታል። እርግጥ ነው፣ የማይውጥ ሞልቷል። ሆኖም ዕድሜው ከ40 ዓመት በታች የሆነ፣ ወይም ሦስት ዓይነት መድኃኒት በትክክል እየዋጠ ግፊቱ ያልወረደለት፣ ወይም ፖታሲየሙ አንሶ የተገኘ፣ ወይም ከወላጆቹ አንዱ በወጣትነቱ በአንጎል ደም መፍሰስ የሞተበት ሰው፣ «ዕጢዬ ይመርመርልኝ» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። ምርመራው የደም ምርመራ ነው፤ አልዶስትሮንና ሬኒን የተባሉት ሁለቱ አብረው ይለካሉ። አልዶስትሮን ከፍ፣ ሬኒን ዝቅ ብሎ ከተገኘ ጕዳዩ ይጠረጠራል። የአሜሪካ የሆርሞን ሐኪሞች ማኅበር በ2025 ባወጣው መመሪያ ደግሞ፣ ደም ግፊት ያለበት ሰው ሁሉ ይህ ምርመራ እንዲደረግለት መክሯል። በኛ አገር ይህን ምክር ለሁሉ ለመፈጸም ገና ብዙ ላቦራቶሪ ያስፈልጋል፤ ነገር ግን ከላይ ለቈጠርናቸው ሰዎች ወደ አዲስ አበባ መላክ እንኳ ቢያስፈልግ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ያለው መንገድ ከንቱ ድካም አይሆንም።

ሕክምናው ሁለት መንገድ አለው። ሆርሞኑን የሚያበዛው አንዱ ዕጢ ብቻ እንደ ሆነ፣ ያ ዕጢ በቀዶ ሕክምና ይወጣል። ከ1992 ወዲህ ሆድን ሰፋ አድርጎ መቅደድ ቀርቶ፣ በትንንሽ ቀዳዳዎች መብራትና መሣሪያ አስገብቶ ማውጣት ተለምዷል። ሁለቱም ዕጢዎች የሚያበዙ ከሆነ ግን ሁለቱን ማውጣት አይቻልም፤ ያን ጊዜ አዲሰን የጻፈው ሕመም ይመጣልና። ስለዚህ እስፒሮኖላክቶን የተባለው እንክብል ይታዘዛል። ይህ መድኃኒት አሮጌና ዋጋው አነስተኛ ነው፤ በብዙ ፋርማሲ ይገኛል። አንዳንድ ወንዶችን ጡታቸውን ያሳብጣል፤ ይህን አይቶ ያፈረ ሰው ለሐኪሙ ሳይነግር መድኃኒቱን ይጥለዋል። ከመጣል መንገር ይሻላል፤ ሌላ ምትክ መድኃኒት አለና። የፖታሲየሙም መጠን በየጊዜው መለካት አለበት።

ድካም ሁሉ ግን ከዚህ ዕጢ ነው ማለታችን አይደለም። በወሩ መጨረሻ ድካም የማይሰማው የመንግሥት ሠራተኛ ወይም በፈተና ሰሞን ጡንቻው የማይዝልበት ተማሪ ከወዴት ይገኛል?

አሁን ወደ ዕጢው አስኳል እንለፍ። ከጎባ ተነሥቶ በሰነቲ አምባ ላይ ወደ ደሎ መና የሚወርደውን መንገድ የሄደ ሰው ጭጋጉን ያውቀዋል። ጭጋጉ መካከል ድንገት አንድ የጭነት መኪና ከፊት ብቅ ሲል፣ ልብ ዘለል ይላል፤ ላብ በጀርባ ይወርዳል፤ ፊት ይገረጣል። ይህን የሚያደርገው አድሬናሊን ነው። መኪናው ካለፈ በኋላ ሁሉም ይረጋል። በዕጢው አስኳል ላይ ዕባጭ የወጣበት ሰው ግን መኪናም ጅብም በሌለበት፣ ተቀምጦ ሻይ ሲጠጣ ያው ነገር ይመጣበታል። ራሱን ይፈልጠዋል፤ ልቡ ይደልቃል፤ በብርድ ላብ ይጠመቃል፤ ግፊቱም በአንድ ጊዜ ያሻቅባል። ከጥቂት ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ቈይቶ ይተወዋል። ሐኪሞች ይህን ዕባጭ ፌዮክሮሞሳይቶማ ይሉታል። ስሙ ለምላስ ይከብዳል፤ ሕመሙም እንደ ስሙ ብርቅ ነው፤ ከሺህ የደም ግፊት በሽተኛ ከ2 እስከ 6 የሚሆኑትን ቢያገኝ ነው።

እንዲህ ያለ ሰው በሰፈሩ ምን እንደሚባል ሁላችንም እናውቀዋለን። ዓይን ወግቶት ነው ይባላል፤ ወይም መንፈስ ሰፍሮበታል ይባላል። ቤተ ሰቦቹ ጠበል ወይም ወደ ሼኹ ቢወስዱት እኛ የምንነቅፍበት ምክንያት የለንም። የምንለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ነገሩ በተነሣበት ሰዓት አንድ ሰው ግፊቱን ይለካለት። በሰላሙ ጊዜ ሲለካ ደኅና ሆኖ ሊገኝ ይችላልና፣ የተነሣበትን ሰዓት የለካ ሰው ለሐኪሙ ትልቅ ሥራ ሠርቶለታል። ቀጥሎ የሚደረገው፣ ሜታኔፍሪን የተባለውን የአድሬናሊን ፍርስራሽ በደም ወይም በ24 ሰዓት ሽንት ውስጥ መለካት ነው።

ሐኪሙ ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ጫት ሊጠይቅ ይችላል፤ በዚህ ጊዜ መዋሸት አያዋጣም። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለው ነገር ነርቮች ያከማቹትን የአድሬናሊን ዘመድ የሆነ ሆርሞን ያስለቅቃል፤ ልብ ያስደልቃል፣ ግፊትም ይጨምራል። ከሰዓት በኋላ ሲቅም ውሎ ማታ ልቡ የመታበትን ሰው ዕባጭ አለብህ ብሎ ወደ አዲስ አበባ መላክ ገንዘብ ማባከን ነው። ዕባጭ ያለበትንም ሰው «ጫቱ ነው» ብሎ መመለስ ከዚያ የባሰ ጥፋት ነው። ስለዚህ እውነቱን መናገርና ከምርመራው በፊት ከጫት መታቀብ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ የባሌን አየር ራሱን የሚነካ ነገር አለ። ሮቤ ወደ 2,500 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ናት፤ ጎባ ከ2,700 ሜትር በላይ ናት፤ የቱሉ ዲምቱ ራስ ደግሞ 4,377 ሜትር ይደርሳል። በ4,000 ሜትር ላይ አንድ ትንፋሽ የሚያስገባው ኦክሲጅን ከባሕር ዳር ሲተያይ ከመቶው 60 ያህል ብቻ ነው። በአንገታችን ጐንና ጐን፣ ደም ወደ ራስ የሚወስደው ቧንቧ በሚከፈልበት ቦታ ላይ፣ የኦክሲጅንን ማነስ የሚያሸት የሩዝ ፍሬ የምታህል አካል አለች፤ ከአድሬናል አስኳል ጋርም በዘር አንድ ናት። በፔሩ ተራሮች ላይ የሚኖሩ ሰዎች በዚህች አካል ላይ ዕባጭ የሚወጣባቸው በባሕር ዳር ከሚኖሩት በብዙ እጥፍ በልጦ መሆኑን ሐኪሞች ከ50 ዓመት በፊት ጽፈዋል። ኦክሲጅን ሲያንስ አካሊቱ ዕድሜዋን ሙሉ ያለ ዕረፍት ትሠራለች፤ ከሥራም ብዛት ታድጋለች። በ2000 ደግሞ እንዲህ ያለ ዕባጭ በዘር ከሚተላለፍባቸው ቤተ ሰቦች ውስጥ፣ የተበላሸው ዘረ መል ሴል ኦክሲጅንን ለሚጠቀምበት ሥራ የሚያስፈልግ መሆኑ ተገኘ። ሴሉ አየር ሳይጐድለው አየር ያጣ ይመስለዋል፤ ስለዚህ በተራራ ላይ እንዳለ ሰው ሆኖ ይባዛል። ሴል የኦክሲጅንን መጠን እንዴት እንደሚያውቅ ያሳዩት ሦስት ሊቃውንት በ2019 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

የባሌ ደጋ ሰውስ ይህን አየር እንዴት ቻለው? በ2012 የታተመ አንድ ጥናት በባሌ ደጋ የሚኖሩ ኦሮሞዎችን በስሜን ተራራ ከሚኖሩ አማሮች ጋር አስተያይቶ ነበር። አማሮቹ በዚያ ከፍታ ላይ ብዙ ሺህ ዓመት የኖሩ ሲሆኑ፣ ኦሮሞዎቹ ወደ ደጋው የወጡት ከ500 ዓመት ወዲህ መሆኑን ተመራማሪዎቹ ይገልጻሉ። የኦሮሞዎቹ ደም ሄሞግሎቢን ከአማሮቹ ከፍ ብሎ ተገኘ። ሄሞግሎቢን እንዲበዛ የሚያዘው ሆርሞን ደግሞ ከአድሬናል ጎረቤት ከኩላሊት የሚወጣ ነው። ከእነዚህም ሁሉ በፊት ሰው በባሌ ተራራ ላይ ኖሯል፤ ፊንጫ ሀበራ በተባለው ዋሻ፣ 3,469 ሜትር ላይ፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች ፍልፈል እየጠበሱ ይበሉ እንደ ነበር በ2019 ተጽፏል። የባሌ ፍልፈል ትልቅ ነው፤ ዛሬ ግን ባለ ድርሻው ቀይ ቀበሮ ነው። ቀበሮውንም ሳይንስ አልተወውም፤ ተመራማሪዎች በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዓይነ ምድሩን እየለቀሙ፣ ከዚያ ውስጥ የመራቢያና የጭንቀት ሆርሞኖቹን ለክተዋል። ክንዱን ለመርፌ መስጠት የሚፈራ አንባቢ ቢኖር በቀበሮው ይቅና።

ወደ ዕባጩ እንመለስና፣ ከሕክምናው ይልቅ የሕክምናው ቅደም ተከተል ያሳስባል። ልብ ሲመታ በየፋርማሲው የሚታወቀው መድኃኒት ፕሮፕራኖሎል ነው። ይህ የአድሬናሊን ዕባጭ ላለበት ሰው በመጀመሪያ ከተሰጠ፣ ደም ሥሮች የሚሰፉበትን በር ዘግቶ የሚጠቡበትን ክፍት ይተወዋልና ግፊቱን ወደ ሰማይ ይሰቅለዋል። ስለዚህ በመጀመሪያ ደም ሥርን የሚያሰፋ እንደ ፕራዞሲን ወይም ዶክሳዞሲን ያለ መድኃኒት ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት ይሰጣል፤ ውሃና ጨው በብዛት እንዲወስድ ይደረጋል፤ ከዚያ በኋላ ካስፈለገ የልቡ መድኃኒት ይጨመራል፤ ከዚያም ቀዶ ሕክምና ይደረጋል። የስዊሱ ሩ በ1926፣ እንዲሁም አሜሪካዊው ማዮ ዕባጩን አውጥተው በሽተኞቻቸውን አድነዋል። ከእነርሱ በፊት፣ በ1886፣ በጀርመን አገር በፍራይቡርግ ከተማ አንዲት የ18 ዓመት ልጃገረድ በሁለቱም ዕጢዎቿ ላይ በወጣ ዕባጭ ሞታ ነበር። ከ121 ዓመት በኋላ፣ በ2007፣ ሐኪሞች የቤተ ሰቧን ዘር ቈጥረው በሕይወት ያሉትን ዘመዶቿን አገኟቸው፤ በደማቸውም ውስጥ ሕመሙን የሚያስተላልፈው ዘረ መል ተገኘ። ስለዚህ ይህ ዕባጭ ከተገኘበት ሰው ጋር ወንድምና እኅት፣ ልጆችም አብረው ይመረመራሉ።

የቀረው ኮርቲሶል ነው፤ ለወጣቶች አንባቢያችን የሚያሠጋውም ከሁሉ ይበልጥ እርሱ ነው።

ኮርቲሶል ሲበዛ ፊት እንደ ሙሉ ጨረቃ ይከብባል፤ ሆድ ይገፋል፤ እጅና እግር ግን ይቀጥናሉ። በሆድ ላይ ወይን ጠጅ የመሰለ ሰንበር ይወጣል፤ ቆዳ በትንሽ ነገር ይበልዛል፤ ከተቀመጡበት ለመነሣት ጕልበት ያንሳል። ስኳርና የደም ግፊት ይከተላሉ፤ አጥንትም ይሳሳል። በኛ አገር የዚህ ሕመም ክፋቱ፣ መጀመሪያ ላይ በሽተኛው እንኳን ደስ ያለህ መባሉ ነው! ጓደኞቹ «ደልቶሃል፣ ሹመት አገኘህ እንዴ?» ይሉታል። ፊቱ የሞላ ሰው የደላው ይመስለናልና።

ይህን ሕመም በ1912 የገለጸው ሐርቬይ ኩሺንግ የተባለው አሜሪካዊ የአንጎል ቀዶ ሐኪም ነው። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ከአንጎል ሥር ባለችው ፒቱታሪ ዕጢ ላይ የሚወጣ ትንሽ ዕባጭ ነው፤ እርሷ አለቃ ስለሆነች አድሬናሎቹን ያለ ልክ ታሠራቸዋለች። ይህ ዕባጭ በአፍንጫ በኩል ገብተው ያወጡታል። አንዳንዴም ዕባጩ በአድሬናሉ በራሱ ላይ ነው።

ከነዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ሰው በገዛ እጁ የሚያመጣው ነው። በ1948 የማዮ ክሊኒክ ሐኪሞች ኮርቲሶን የተባለውን የዚህን ሆርሞን ዘመድ ለአንዲት የመገጣጠሚያ ሕመምተኛ ቢሰጧት፣ ከአልጋ መነሣት ያቃታት ሴት በጥቂት ቀን ውስጥ ተራመደች፤ ሥራው በ1950 የኖቤል ሽልማት አስገኘ። ፕሬድኒሶሎን፣ ዴክሳሜታዞን፣ ቤታሜታዞን የሚባሉት ሁሉ ከዚያ ዘር ናቸው። ለአስም፣ ለኩላሊት ሕመም፣ ለሥጋ ደዌ ቍጣ የብዙ ሰው ሕይወትና አካል ያተረፉ መድኃኒቶች ናቸውና ሐኪም ያዘዘለት ሰው አይፍራቸው። ነገር ግን ወገቡን ያመመው ሁሉ ያለ ማዘዣ «ያቺን ፍቱን መርፌ» ሲያስወጋ፣ ቀጭኗ ልጅ ለመወፈር እንክብሉን ስትውጥ፣ ብጉር ለማጥፋት ወይም ፊት ለማንጣት የተገዛው ቅባት ወር ከወር ሲቀባ፣ ያው መብዛት ይመጣል። ቅባቱም ቢሆን፣ በተለይ ኀይለኛው ክሎቤታሶል፣ በቆዳ በኩል ወደ ደም ይገባል። ከገዙት ቅባት ላይ ስሙን ማንበብ ፊደል የቈጠረ ሰው ሁሉ የሚችለው ሥራ ነው።

ይህን ያነበበ ሰው ደንግጦ የሚወስደውን እንክብል ዛሬ ማታ እንዳይጥል እናስጠነቅቃለን። ከውጭ ሆርሞን ሲመጣለት ዕጢው ሥራ ፈትቶ ይተኛል። ከ3 ወይም ከ4 ሳምንት በላይ የወሰደው ሰው በድንገት ቢያቆም፣ ዕጢው ገና ሳይነቃ ሰውየው ያለ ኮርቲሶል ይቀራል፤ ያስታውከዋል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ራሱን ይስታል፣ ሊሞትም ይችላል። መድኃኒቱ በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ ይቀነሳል። ዕባጩ በቀዶ ሕክምና የወጣለትም ሰው ያው ነው፤ የቀረው ዕጢ ለረዥም ጊዜ ተኝቶ ነበርና እስኪነቃ ድረስ ብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ፣ ሆርሞኑን በእንክብል ይወስዳል። በዚህ መካከል ኀይለኛ ትኩሳት ቢይዘው ወይም ሌላ ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልገው፣ መጠኑ ይጨመርለታል። ለዚህም ሲባል የመድኃኒቱን ስምና መጠን የጻፈ ወረቀት ከመታወቂያው ጋር በኪሱ ይይዛል፤ የአውቶቡስ ጕዞ ላይ እንኳ ቢወድቅ የሚያነሣው ሰው ለሐኪሙ እንዲያሳይለት።